ከማረጥ ጋር የመጣ ጭንቀትና መድኃኒቱ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ስለ ማረጥ የጻፍኩትን ያነበቡ ሴቶች፣ አንዳንዴም ልጆቻቸው፣ የላኩልኝ ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ጭንቀት ነው፤ ሙቀቱንና ላቡን የጠየቁኝ ጥቂቶች ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ መልሻለሁ። የመድኃኒት ባለሙያ እንጂ ሐኪም ስላልሆንኩ፣ መልሶቼ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ምን እንደምትጠይቁ ለማሳየት የተጻፉ ናቸው።

«ዕድሜዬ 48 ነው። የወር አበባዬ አንዳንድ ወር እየዘለለ ይመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ፣ ክፉ ነገር የደረሰ እየመሰለኝ እነቃለሁ። የልብ ምርመራ አድርጌ ደህና ነሽ ተብያለሁ። የጭንቀት መድኃኒት ልጀምር?»

መድኃኒቱ የሚያስፈልግዎት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ነገር አለ። አንዲት ሴት አርጣለች የሚባለው የወር አበባ ለ12 ወራት ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው፤ ይህም ለአብዛኞቹ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ውስጥ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ቀስ እያለ በሥርዓት የሚቀንስ ሳይሆን አንድ ሰሞን ከፍ፣ አንድ ሰሞን ዝቅ የሚል በመሆኑ፣ ስሜትንና እንቅልፍን የሚመሩትን የአንጎል ኬሚካሎችም አብሮ ያናጋቸዋል። ቀድሞ ጭንቀት ወይም ከወሊድ በኋላ ድብርት የነበረባት ሴት በዚህ ጊዜ ይበልጥ ትጋለጣለች። ሌሊት የሚሆነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ከደረት ወደ አንገትና ፊት የሚወጣ ሙቀት ይነሣል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውየዋ ትባንናለች፤ አእምሮም ለዚህ ሁሉ ምክንያት ፍለጋ ውጭ አገር ያለ ልጅን፣ ያልተከፈለ ዕዳን፣ የታመመ ዘመድን ያመጣል።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል በትንሽ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ ደግሞም ሙቀቱ ወይስ ፍርሃቱ እንደቀደመ ይጻፉ። ሁልጊዜ ሙቀቱ የሚቀድም ከሆነ መታከም ያለበት እርሱ ነው። የደም ምርመራም ይጠይቁ። ከሚገባው በላይ የሚሠራ እንቅርት ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፤ እንቅርት በደጋው አገራችን እንግዳ ባለመሆኑ የታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ምርመራ መዘለል የለበትም። በእነዚህ ዓመታት የወር አበባ አንዳንዴ እጅግ ስለሚበዛ ደም ማነስም ልብን ያስሮጣል። ቡናውንም ማንሣቴ ግድ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ሌሊት ቢነቃ አይገርምም። ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ጭንቀቱ ቀኑንም ጭምር የሚውል፣ ለወራት የዘለቀና ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ ግን መድኃኒትና የምክር ሕክምና አብረው ሊሰጡ ይገባል፤ ያን ጊዜ «ዕድሜ ነው፣ ያልፋል» የሚለውን አይስሙ።

«ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም ታዘዘልኝ። በአምስተኛው ቀን ጭንቀቱ ባሰብኝ፣ ማቅለሽለሽም መጣ፤ ተውኩት። አይስማማኝም ማለት ነው? በጾምስ እንዴት ይወሰዳል?»

አምስት ቀን ለፍርድ አይበቃም። ሰርትራሊንና እንደ ኤሲታሎፕራም ያሉት ቤተሰቦቹ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ መቁነጥነጥና የጭንቀት መጨመር ሊያመጡ ይችላሉ፤ ጥቅማቸው የሚታወቀው ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑ ሲጀመር ስለማይነገር ብዙ ሴቶች በዚሁ ሳምንት ይተዉታል፤ ይህ በእኛ በባለሙያዎቹም የሚላከክ ጥፋት ነው። ሐኪምዎ ለመጀመሪያው ሳምንት በ25 ሚሊ ግራም ሊያስጀምርዎት ይችላል። «ፀረ ድብርት» የሚለው ስምም አያስደንግጥዎት፤ ለጭንቀት ሕመምም በቅድሚያ የሚመረጡት እነዚሁ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ በተለይም ኤሲታሎፕራምና ቬንላፋክሲን፣ የማረጥን ሙቀት ጭምር ይቀንሳሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. 7.5 ሚሊ ግራም ፓሮክሴቲንን ለዚሁ ሙቀት ብሎ ፈቅዷል።

ጾሙ ችግር አይሆንም። መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ የዕለቱን ጾም ሲፈቱ ከምግብ ጋር ይውሰዱት፤ ዋናው በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት መሆኑ ነው። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሴቶች አፍረው የማይነግሩን ነገርም አለ፦ እነዚህ መድኃኒቶች የሩካቤ ፍላጎትን ሊቀንሱና እርካታን ሊያዘገዩ ይችላሉ፣ ማረጥ ከሚያመጣው ድርቀት ጋር ሲደመር ደግሞ ይከብዳል። መጠን በማስተካከል ወይም መድኃኒት በመቀየር የሚቃለል ስለሆነ ለሐኪም ይነገር። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። በቅርቡ ወደ አሜሪካ ወደ እኔ ትመጣለች። ካረጠች ጀምሮ፣ ለብዙ ዓመታት፣ በየማታው ብሮማዜፓም 3 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ስትመጣ ላስቆማት አስቤያለሁ።»

እባክሽ እንዲህ አታድርጊ። ባለፈው ወር በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ፍሬ የቀረበትን ስትሪፕ አወጡና «ይቺን የእንቅልፌን ስጪኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ማዘዣ ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ማዘዣ ለሁለት ሳምንት ብቻ የተጻፈ እንደነበር፣ ይህም ከተጻፈ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ብሮማዜፓም፣ ዲያዜፓምና መሰሎቻቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚያረጋጉ ይወደዳሉ፤ ሱስ የሚያስይዙትም በዚሁ ነው። በሰባዎቹ ደጃፍ ላይ ባለች ሴት ዘንድ ደግሞ ማስታወስን ያደክማሉ፣ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ስትነሣ ያንገዳግዳሉ፤ ከማረጥ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳም አንድ መውደቅ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ሰውነት ለዓመታት የለመደውን መድኃኒት በአንድ ቀን ማስቆም ከመቀጠሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ከባድ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አልፎም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። መጠኑ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየተቀነሰ፣ ወራት ፈጅቶ፣ በሐኪም ክትትል ይቆማል። ልብ ልትዪው የሚገባው ሌላ ነገር ብሮማዜፓም በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች የማይሸጥ መሆኑ ነው፤ የያዘችው ሲያልቅ መተኪያ አይኖርም። ስለዚህ ገና አዲስ አበባ ሳለች ሐኪሟ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የወሰደችበትን ዘመን በእንግሊዝኛ ይጻፍላት፤ አንቺም በደረሰች በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ታገኝ ዘንድ ቀጠሮ ያዢላት፤ እዚያ በሚገኝ ተመጣጣኝ መድኃኒት ቀይሮ መቀነሱን የሚጀምረው እርሱ ነው።

«ሆርሞን ብወስድ ጭንቀቱ አይጠፋም? ካንሰር ያመጣል ሲሉ ግን እሰማለሁ። 51 ዓመቴ ነው።»

ሆርሞን በራሱ የጭንቀት ሕመም መድኃኒት አይደለም። ሙቀቱንና የሌሊቱን ላብ አጥፍቶ እንቅልፍ ሲመልስ ግን በእነርሱ ምክንያት የመጣው ጭንቀት አብሮ ሊረግብ ይችላል። ፍርሃቱ የተስፋፋው በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገው ትልቅ ጥናት በመቋረጡ ነው፤ በዚያ ጥናት ኤስትሮጅንንና ፕሮጀስቲን የተባለውን ሌላ ሆርሞን አብረው ከወሰዱት መካከል በየዓመቱ ከ10,000 ሴቶች 8 ያህል ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታይቷል። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ግን 63 እንደነበር ብዙ ጊዜ አይነገርም። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ፣ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸውና ሙቀቱ ላስቸገራቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ እንደሚያመዝን ዛሬ ባለሙያዎች ይስማማሉ። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን ደም መፍሰስ ያለባት ሴት ግን አይሰጣትም፤ ማህፀን ያላት ሴትም ኤስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም።

«ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን እወስዳለሁ። ለጭንቀት ፍሉኦክሴቲን ተሰጠኝ።»

ለሁለቱም ሐኪሞች ዛሬውኑ ይንገሩ። ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው ቅርጹ እንዳይለውጥ ያግዳሉ። ብዙውን ጊዜ በምትኩ የሚመረጠው ቬንላፋክሲን ነው። በራስዎ ግን አንዱንም አያቁሙ።

«63 ዓመቴ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስድ ነበር፤ ኤሲታሎፕራም ከተጨመረልኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ራሴን ያዞረኛል፣ ነገር ይጠፋብኛል።»

ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም የተባለ ጨው ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ይበልጥ የሚደርሰውም በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ነው። ቀላል የደም ምርመራ ስለሆነ ለነገ ሳይሉ ያሠሩት። ለመገጣጠሚያ ሕመም ኢቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ፤ ከኤሲታሎፕራም ጋር ሲሆን ጨጓራን ሊያደማ ይችላል።

«በዱባይ በቤት ሠራተኝነት እሠራለሁ፣ 47 ዓመቴ ነው። ለዕረፍት ስመጣ የጭንቀት መድኃኒት ይዤ ልመለስ?»

የትኛውን እንደሆነ ይለያያል። ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓምና መሰሎቻቸው እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ ያለ ቅድመ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ሊዳርግ ይችላል፤ «ለጓደኛዬ አድርሺልኝ» የምትባይውንም አትቀበዪ። ሌሎቹንም ቢሆን ከመነሣትሽ በፊት ስማቸውን ከአገሩ የጤና ባለሥልጣን አጣሪ፤ ከዚያም በገዛ ካርቶናቸው፣ ስምሽ ካለበት ማዘዣና የሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ በእጅ ሻንጣሽ ያዢ።