ግልገሎቹን ያሰነከላቸው የመብራት መስመሩ ነው?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በግ አረባለሁ። በግጦሻችን ላይ የከፍተኛ ኃይል መስመር ያልፋል። የሦስት ግልገሎች የፊት እግር ተወላገደብኝ። መስመሩ ይሆን?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ የታዳጊ እንስሳ አጥንት ገና እየረዘመ ስለሆነ ለጉዳት ቅርብ ነው። ጥፋቱን ግን በመስመሩ ላይ አልጭንም። የኤሌክትሪክ መስመር በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ የሚለካውም በማይክሮቴስላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ እስከ 20,000 ማይክሮቴስላ ለሚደርስ መግነጢሳዊ መስክ የተጋለጡ የአይጥ ጽንሶች ጎልቶ የሚታይ የአጥንት ጉድለት አላሳዩም፤ በአንዳንድ ጥናቶች ጥቃቅን ለውጦች ተመዝግበዋል። ከመስመር ሥር የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ማይክሮቴስላ ነው፤ በራቁ ቁጥርም ይቀንሳል።

እኔ የምጠረጥረው በረቱን ነው። ግልገሎቹ ክረምቱን ፀሐይ ሳያዩ ከከረሙ ቫይታሚን ዲ ያጥራቸዋል። መኖአቸው ጭድና ፉሩሽካ ብቻ ከሆነ ደግሞ ካልሲየም ይጎድላቸዋል፤ ፉሩሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነውና። የፊት ጉልበታቸውን በእጅዎ ይዳስሱ። ሁለቱም አብጠው፣ ጠንክረው፣ ግን ካልሞቁ የአጥንት መለስለስ ሳይሆን አይቀርም፤ ፀሐይ ያሙቋቸው፣ የአልፋልፋ ድርቆሽም ይጨምሩላቸው። አንዱ ብቻ አብጦ የሚያቃጥል ከሆነና ግልገሉ እግሩን መሬት ማስነካት እምቢ ካለ፣ በእትብት የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ለወደፊቱ ግልገል እንደተወለደ እትብቱን አዮዲን ያስነኩ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ። ከዶሮ ቤቴ አጠገብ የሞባይል ማማ ተተከለ። ጫጩቶቼ እግራቸው ደከመ።

መልስ፦ ማማውን ከመጠርጠርዎ በፊት መኖውን ይመርምሩ። ቤት ውስጥ የሚያድግ ጫጩት ቫይታሚን ዲ የሚያገኘው ከመኖ ነው፤ ከርሞ የቆየ መኖ ደግሞ ቫይታሚኑ ይዳከማል።

ጥያቄ፦ ማግኔት አጥንት ይጠግናል ሲባል ሰማሁ። እግሩ ለተሰበረ ግልገል የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ልሰርለት? የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው።

መልስ፦ የሰሙት መነሻ አለው። ጃፓናውያኑ ፉካዳና ያሱዳ በ1957 እ.ኤ.አ. አጥንት ሲጫን ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ አልገጥም ላለ ስብራት፣ በጥቅል ሽቦ ውስጥ እየተቆራረጠ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን መስክ ለሕክምና ፈቀደች። የሬዲዮዎ ማግኔት መስክ ግን አይለዋወጥም፤ ይተዉት። ጥሩ ወጌሻ ወይም ሐኪም ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መጋጠሚያዎች አካትቶ በስንጥር ይሰርለት። ግልገል ቶሎ ስለሚያድግ ማሰሪያው ይጠብቃል፤ በየቀኑ ሰኮናውን እየነኩ ከቀዘቀዘ ወይም ከበላዩ ካበጠ ፈትተው አላልተው ይጠምጥሙት።