መልስ፦ የሎክ ኔሱ ዌሊንግተን በስኳድሮኑ መዝገብ ለምን የለም?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኮትላንድ ባለው ሎክ ኔስ ሐይቅ ስለወደቀው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ዌሊንግተን (መለያ ቁጥሩ ኤን2980) ሠራተኞች ለጠየቅኸው፦ በ149ኛው ስኳድሮን (የአየር ኃይል የውጊያ ክፍል) መዝገብ ያላገኘኸው፣ ኤን2980 በወደቀበት ቀን የዚያ ስኳድሮን ስላልነበረ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. አውሮፕላኑ ስኮትላንድ ውስጥ ሎሲማውዝ የነበረው የ20ኛው ማሠልጠኛ ክፍል ንብረት ነበር። ከ149ኛው ጋር በጀርመኗ ደሴት ሄልጎላንድ አካባቢ የተዋጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ስለዚህ፦

1. ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» የሚባለውን የሰነድ ምድብ ተወው፤ እሱ የስኳድሮኖች ነው። የማሠልጠኛ ክፍሎች የዕለት መዝገብ ያለው «ኤር 29» ውስጥ ነው።

2. የአደጋ ካርዱን (ፎርም 1180) ከእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም በአውሮፕላኑ ቁጥርና በቀኑ ጠይቅ። ካርዱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው አብራሪውን ብቻ ስለሆነ የሁሉንም ስም አትጠብቅበት።

«ስንት ሰው ነበር፣ ማን ሞተ?» ላልከው፦ የተሳፈሩት ስምንት ነበሩ። በበረዶ ውሽንፍር መሀል የቀኝ ሞተሩ ሲቆም ስድስቱ በፓራሹት ዘለሉ። ሁለቱ አብራሪዎች አውሮፕላኑን ሐይቁ ላይ አሳርፈው በጎማ ጀልባ ዳርቻው ደረሱ። የሞተው የኋላው መትረየስ ተኳሽ ብቻ ነው፤ ዘሎ ነበር፣ ግን ፓራሹቱ አልሠራለትም። የሚገርመው፣ አውሮፕላኑን በ1976 እ.ኤ.አ. ያገኙት በሐይቁ አለ የሚባለውን ጭራቅ በሶናር (በድምፅ ሞገድ ውኃ ውስጥ በሚፈልግ መሣሪያ) ሲፈልጉ የነበሩ አሜሪካውያን ናቸው። በ1985 እ.ኤ.አ. ከሐይቁ ወጥቶ አሁን እንግሊዝ ባለው ብሩክላንድስ ሙዚየም ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ አውሮፕላኑ በላዩ በተጻፈው ፊደል በሚጠራበት «አር ለሮበርት» በሚለው ስም አትፈልግ። ፊደሉ አውሮፕላኑ ያለበት ክፍል የሚሰጠው መለያ እንጂ የአውሮፕላኑ ቋሚ መታወቂያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስኳድሮን የራሱ «አር» ነበረው፣ አንዱ ሲወድቅም ፊደሉ ለተተኪው ይሰጥ ነበር። በዚህ ፊደል ፍለጋ የሌላ አውሮፕላን ሠራተኞችን ስም ይዘህ ትመለሳለህ። ከአውሮፕላኑ ጋር ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደው ኤን2980 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው።