የማስታወስ ችሎታዬ ተመልሶ ይመጣል?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 23 ነው። ከ17 ዓመቴ ጀምሮ ካናቢስ ከትምባሆ ጋር ቀላቅዬ አጨሳለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ሲጋራ አለ። አሁን አሁን አንድ ገጽ አንብቤ ስጨርስ ከላይ ምን እንደነበረ አላስታውስም። እናቴ ትናንት የነገረችኝን ዛሬ እንደ አዲስ ስጠይቃት ዝም ብላ ታየኛለች። አንዳንዴም ሰዎች ቀስ ብለው ሲያወሩ እኔን የሚያሙኝ ይመስለኛል። አጎቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ሲጋራውን ልተው ብል ጭንቀቴን የሚያበርድልኝ እሱ ነው፤ ያለ ካናቢስም እንቅልፍ አይወስደኝም። የማስታወስ ችሎታዬ ይመለሳል ወይስ አበቃለት? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ

ወንድሜ፣

በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍከው ጥርጣሬ ከመርሳቱ ይልቅ አሳስቦኛል። በስዊድን ለውትድርና በተመለመሉ 45 ሺህ ገደማ ወጣቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ጥናት፣ ካናቢስን ከ50 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት፣ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ በሚታይበት ስኪዞፍሬንያ በተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት 6 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ሌሎች ምክንያቶች ሲታሰቡ ቁጥሩ ቢቀንስም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚያጨስ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ነገር ግን በልጅነት መጀመርና በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ መኖሩ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል፤ አንተ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ሂድ፤ የአጎትህንም ነገር ሳትደብቅ ንገረው።

ወደ መርሳቱ ስንመጣ፣ በካናቢስ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር አዲስ ትውስታ በሚቀረጽበት ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ላይ ይሠራል። ያነበብከው ገጽ ተቀርጾ የጠፋ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ በቅጡ አልተቀረጸም። ቲኤችሲ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች ዘወትር ለሚያጨስ ሰው ውጤቱ ባላጨሰበት ሰዓትም ይቀጥላል። ግን ተስፋ አለህ። ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለአንድ ወር ካናቢስ ያቆሙት አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታቸው እንደተሻሻለ፣ አብዛኛው መሻሻልም በመጀመሪያው ሳምንት እንደታየ አሳይቷል። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ይሻሻላል ብዬ ግን በሙሉ ልብ እነግርሃለሁ።

ሲጋራው ጭንቀትህን የሚያበርድ የሚመስልህ ጭንቀቱን ራሱ ስለሚያመጣው ነው። ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያኔ ትነጫነጫለህ፣ ሐሳብህ ይበተናል፣ ቀጣዩን ስትለኩስ ደግሞ ዕፎይ ትላለህ። ያቆሙ ሰዎች ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጭንቀታቸውም ድብርታቸውም ማጨስ ከቀጠሉት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለቱን ቀላቅለህ ስለምታጨስ አንዱን ብቻ መተው ይከብድሃል፤ ካናቢሱን ትተህ ሲጋራውን ታበዛለህ ብዬ እሰጋለሁ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለማቆም ከሐኪሙ ጋር ተመካከር፤ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር እንዳለም ጠይቀው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይነሱሃል፣ ቅዠትም ይበዛብሃል። ይህ ያልፋል። ቡና የምትጠጣ ከሆነ ቀንሰው፤ የትምባሆ ጭስ ካፌይንን ከሰውነት ቶሎ ስለሚያስወግድ፣ ሲጋራ ስታቆም ያው ስኒ ከበፊቱ ይበልጥ ያነቃሃል። ጭሱ በአንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ላይም እንዲሁ ስለሚያደርግ፣ መድኃኒት ከታዘዘልህ ማጨስ ያቆምክበትን ቀን ለሐኪሙ አሳውቀው፤ መጠኑን ማስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።