በጀት ክፍል ለተመደባችሁ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ እዚሁ ሐረር ሥራ የያዘች ናት። “ጋሼ፣ ችሎት እገባለሁ ስል እቅድና በጀት ክፍል ወረወሩኝ። እዚህ ተቀምጬ ለፍትሕ ምን አደርጋለሁ?” አለችኝ። ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። ሳታውቀው የቆየ ቁጭቴን ነክታብኛለች።

በወጣትነቴ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በአንድ ፍርድ ቤት የበጀት ሠራተኛ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ጠረጴዛዬ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ስለነበረ የሚገባውን የሚወጣውን አያለሁ። በስርቆት የተከሰሰ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። ዋስ የሚሆነው ስላጣ ማረሚያ ቤት ሆኖ ነው የሚከራከረው። እሱ ከቀጠሮው ቀርቶ አያውቅም፤ ታስሮ የት ይቀራል! የሚቀሩት ምስክሮቹ ናቸው። አገራቸው ከአስፋልቱ ርቆ ቆላ ውስጥ ነው። መጥሪያው አልደረሳቸውም ይባላል። ለምን ሲባል፣ የፖሊስ መኪናው ነዳጅ የለውም። አንድ ቀን ደግሞ ምስክሮቹ በራሳቸው ወጪ መጡ። የዚያን ቀን ዳኛው ስብሰባ ተጠርተው ሄደዋል። የምስክር አበል የሚከፈልበት ገንዘብም አልቋል ተብሎ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሊመጡ፣ መጥሪያ የያዘ ፖሊስ ሲያዩ መሸሽ ጀመሩ አሉ።

እናቱ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ትመጣለች። ቃሪያና ቲማቲም ቸርቻሪ ናት። በዚያ ቀን ገበያዋ ይቀራል። ምግብ ቋጥራ በሩ ሥር ትቀመጥና እኔ ሳልፍ “ልጄ፣ ዛሬ ያልቅ ይሆን?” ትለኛለች። ከረባት ስላሰርኩ ዳኛ መስያት ነው። የበጀት ሠራተኛ ነኝ ብላት ምን ይገባታል? “ይሆናል እማማ” እላታለሁ።

በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ግን ቀጠሮውን የሚወስነው ነዳጁ ሆኖ አገኘሁት። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ማቅረብ ስላልቻለ ልጁ ተለቀቀ። ይስረቅ አይስረቅ ማንም አላወቀም። የተሰረቀበት ሰው አልተካሰ፣ የታሰረውም አልተካሰ።

አንድ ማታ ካልኩሌተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። የልጁን ቀለብ፣ የአጃቢዎቹን ወጪ፣ ከማረሚያ ቤት የሚያመላልሰውን መኪና ደመርኩት። ምስክሮቹን አንዴ ለማምጣት ከሚበቃው ገንዘብ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። የበጀት ክርክሩ ቀን ይህንኑ ይዤ ገባሁ። ለዚያ ቀን ብዬ ሐረር መጥቼ፣ በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ኮት አሰፍቼ ነበር። የሰፋልኝ ሽማግሌ እጅጌውን አስረዝሞብኝ፣ “ሹመት ሲመጣ ይስተካከላል” ብሎ ቀልዶብኛል። አልመጣም እንጂ!

የሰበሰቡን ኃላፊ ወረቀቴን ገና ሳይጨርሱት፣ “ፍርድ ቤት ስለ እስረኛ ቀለብ ምን አገባው? የራስህን ሒሳብ መደብ፣ ለመሥሪያ ቤትህ የተያዘውን የወጪ ርዕስ ተናገር” አሉኝ። የነዳጁ ጥያቄ የፖሊስ ነው፣ የቀለቡ የማረሚያ ቤት ነው፣ የእናንተ አበል ብቻ ነው ተባለ። አበሉም ተቀነሰ። ሰኔ ሲደርስ ያልተጠቀምንበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ወንበር ተገዛ። ጥሩ ወንበር ነው፤ ምስክር ግን አልተቀመጠበትም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናንተን የምመክረው ያን ልጅ እያሰብኩ ነው። ሥራችሁን በሰዓቱ ጀምሩ፣ ሰነድ አትጣሉ ምናምን አልልም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ኤክሴሉን ከእኛ በላይ ታስኬዱታላችሁ። ችግራችሁ ከስክሪኑ አለመነሳት ነው። ሥልጠና ሲባል አበሉ ስንት ነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ የማረሚያ ቤቱን ወጥ ቤት ግን አታዩትም። ከባለሙያው ጋር ሄዳችሁ እዩት። የችሎቱን የቀጠሮ መዝገብም ግለጡ። ስንት ቀጠሮ በምስክር መቅረት እንደተላለፈ ቁጠሩ። ወሬ ማንንም አያሳምንም፤ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

እንዲህ እላለሁ እንጂ እኔም ቁጥር ይዤ ነበር የገባሁት። አሁን ሳስበው ያን ቀን የእናትየውን ነገር ባነሳ ይሻል ነበር። ሁለቱንም ያዙ።

ሕገ መንግሥቱንም አንብቡ። ሕግ የተማራችሁት እንኳን አንቀጽ 79ን የምታውቁት ስለ ዳኝነት ነፃነት ብቻ ነው። ንዑስ አንቀጽ 7 የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው ይላል። የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይ ሲያዩ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀታቸውን ያካክሳል ይላል። የ1987 ጽሑፍ ነው፤ አዲስ አይደለም። ስለዚህ ከመዝገቦቻችሁ ስንቱ የፌዴራል ጉዳይ እንደሆነ ለይታችሁ ካልያዛችሁ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ሐረር ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች አሉ፤ የኦሮሚያው የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መቀመጫም ይኸው ከተማ ነው። አንድ ጎዳና፣ ሁለት ካዝና። ድሬዳዋ ስትወርዱ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ታገኛላችሁ፤ በጀታቸው ከአዲስ አበባ ነው። የሌላውን ከተማ ቅጽ ገልብጣችሁ አታምጡ።

ስለ ዓመክሮም፣ ታራሚ ቅጣቱን ሳይጨርስ ስለሚፈታበት መንገድ፣ አንድ ነገር። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ከእስራቱ 2/3ኛውን የጨረሰ ታራሚ በዓመክሮ ሊፈታ ይችላል። ፋይሉን በጊዜ የሚያዘጋጅ ሠራተኛ ከሌለ ግን እዚያው ይቆያል፣ ቀለቡም ይቀጥላል። የአንድ መዝገብ ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ቅንጦት ተቆጥሮ ሲሰረዝ አይቻለሁ። እንዳታሰርዙት።

ለደወለችልኝ ልጅ ያልኳትን ለሁላችሁም ልድገመው። የበጀት ጥያቄያችሁን አቅርቡ የሚለው ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግንና ማረሚያ ቤትን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የፍትሕ አካላት የጋራ መድረክ ካለ አጀንዳ አስይዙ፤ ከሌለ ሻይ በወተት ጋብዟቸው። የምስክር አበልን ከሌላው ውሎ አበል ጋር አታጨቁት፤ ለብቻው ጻፉት። ከሥሩ የተላለፉትን ቀጠሮዎች ብዛትና በዚያ ምክንያት የወጣውን ቀለብ አስቀምጡ። የራስህን መደብ ተናገር የሚላችሁ ሰው ከመጣ፣ ማረሚያ ቤቱ የፈረመበትን ወረቀት አሳዩት።