መልስ፦ በሜቶትሬክሴት ፈንታ የእርድ እንክብል ይሆናል ወይ?

አይሆንም። እናትሽ ለሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) የሚወስዱትን ሜቶትሬክሴት (ይህን ጥቃት የሚያበርድ መድኃኒት) በእርድ እንክብል አትተኪው። ሕመሙ ቀለል ቢላቸው እንኳ መገጣጠሚያውን የሚጎዳው ብግነት (የሚያሳብጠውና የሚያቃጥለው) ውስጥ ውስጡን ሊቀጥል ይችላል። የተበላ አጥንት ደግሞ እንደ ድሮው አይሆንም።

ወጥ ውስጥ ያለው እርድ ችግር የለውም፣ ይብሉ። ጣጣው እንክብሉ ላይ ነው። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብግነትን እንደሚያበርድ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ግን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው። ተመራማሪዎች በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ጠቅልለው ለማስገባት የሚሞክሩት ለዚህ ነው። ሻጮቹ አቋራጩን ይዘዋል፦ ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘውን ፒፐሪን ይጨምሩበታል። ያኔ ወደ ደም የሚገባው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እንዲህ ካለው እንክብል ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት አሜሪካ ውስጥ ተመዝግቧል። ሜቶትሬክሴትም ራሱ ጉበትን ይፈትናል። ሁለቱን መደረብ ምን አመጣው?

አሁን የምታደርጊው፦

1. የእንክብሉን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ለሐኪማቸው አሳዪ።
2. ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ካላቸው ይህንንም ንገሪ፤ መድማት ሊመጣ ይችላል።
3. የጉበት ምርመራው ቀን አይለፋቸው።

ዘመድ ሳስታምም ያየሁትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ አስታማሚ ሲበዛ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይደግማል። በስህተት በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ቀኑን ቁረጡና ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጻፉት።