ጂኦግራፊ ላይ ማርክ የሚቀረው የት ነው?

"መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ፣ ማስታወሻዬንም ሸምድጄ እገባለሁ፤ ውጤቴ ግን ከ70 አያልፍም። ምን ላድርግ?" ላልሽው፣ ጂኦግራፊ ሳስተምርና ወረቀት ሳርም ከታዘብኩት ልንገርሽ። ችግርሽ የንባብ ማነስ አይመስለኝም።

አብዛኛው ተማሪ ማርክ የሚጥለው "ለምን" የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ለምሳሌ "ከተራራ ጀርባ ያለ አካባቢ ለምን ደረቅ ይሆናል?" ተብሎ 4 ማርክ ተሰጠው እንበል። "የዝናብ ጥላ ስለሆነ" ብሎ የሚያልፍ መዓት ነው። ይሄ እኮ ስሙ ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም! እርጥበት ያዘለ ነፋስ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ተን ወደ ጠብታ ይለወጥና ነፋሱን ፊት ለፊት በሚቀበለው በኩል ይዘንባል። አናቱን ተሻግሮ ሲወርድ ደግሞ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ የቀረው እርጥበትም ትንሽ ስለሆነ ዝናብ የለም። መጨረሻ ላይ "የሂማላያ ደቡባዊ ገጽ በሞንሱን ዝናብ ሲርስ፣ በስተሰሜን ያለው የቲቤት አምባ ደረቅ ነው" ብለሽ ጨምሪበት። አራሚው የሚፈልገው ይህን ሰንሰለት ነው። ስታጠኚም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር "እና ምን ይሆናል?" ብለሽ ጠይቂው።

የጥያቄውን ግስ አስምሪበት። "ግለጽ" ሲል የሚታየውን፣ "አብራራ" ሲል ምክንያቱን ነው። "አነጻጽር" ከተባለ ሁለቱን ለየብቻ ተርኮ መውጣት አያዋጣም፤ "በአንጻሩ"፣ "ከዚህኛው ይልቅ" እያልሽ ጎን ለጎን አስኪጃቸው።

ካርታና ስሌት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የነጻ ማርክ ነው። ስኬሉ 1፡50,000 ከሆነ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በማስመሪያ 7 ሴንቲ ሜትር ከመጣ መልሱ 3.5 ኪሎ ሜትር። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በየ15 ዲግሪ ኬንትሮስ የ1 ሰዓት ልዩነት አለ፤ ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ትደምሪያለሽ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። መለኪያውን መጻፍ ብቻ አትርሺ። "3.5" ብሎ የሚተው ተማሪ ያናድደኛል።

ግራፍ ሲሰጥሽ መጀመሪያ አጠቃላይ አካሄዱን ተናገሪ፣ ቀጥሎ ቁጥር ጥቀሽ፣ ከዚያ ከአካሄዱ ያፈነገጠውን አሳዪ። የአየር ንብረት ግራፍ ላይ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወቅት መካከል ሰፊ የሙቀት ልዩነት ካለና ጥር የዓመቱ ሞቃት ወር ከሆነ፣ ቦታው በደቡብ ንፍቀ ክበብ ነው።

ምሳሌ አታብዢ። ጥቂት ያዢ፣ ግን ጠንቅቀሽ እወቂያቸው። በመካከለኛው እስያ የሚገኘውን የአራል ባሕር ብንወስድ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ የተባሉት ወንዞች ለጥጥ መስኖ ሲጠለፉ ባሕሩ እየሸሸ ሄደ፣ ውሃው ጨው በዛበት፣ ዓሣ ማስገሩ ከሰመ፣ ከደረቀው ወለል የሚነሳው ጨዋማ አቧራም ለነዋሪው ጤና ጠንቅ ሆነ። ይሄ አንድ ታሪክ ስለ መስኖ ቢጠየቅ፣ ስለ በረሃማነት ቢጠየቅ፣ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ቢጠየቅ ያገለግልሻል።

የድሮ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘሽ ሥሪ፣ ከዚያ በማረሚያው ቁልፍ ራስሽን እረሚ። ያኔ የ2 ማርክ ጥያቄ ላይ ግማሽ ገጽ ፈጅተሽ ለ8 ማርኩ ሦስት መስመር ብቻ እንደተረፈሽ ራስሽ ታዪዋለሽ።