«እውነተኛ ታሪክ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ይድረስ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች፣

በጥብቅና ዘመኔ ለሁለቱም ወገን ቆሜአለሁ፤ «ሕይወቴን ሰረቁኝ» ለሚለውም፣ «ታሪክ የማንም ንብረት አይደለም» ለሚለውም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንቀጽና ቁጥር ሳይሆን፣ በፊልማችሁ መክፈቻ ላይ ስለምታሰፍሯት አንዲት መስመር ነው።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ።» ይህች መስመር ተመልካች ትጠራለች። የሚታየው ሁሉ እንዲታመን የምትጠይቀውም እርሷው ናት፤ ከሳሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚያነሣው እርሷኑ ነው።

የአሜሪካው የፊልም ኩባንያ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1932፣ በመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ተሰሚነት ስለነበረው ስለ ራስፑቲን ባወጣው ፊልም መክፈቻ ላይ ከባለታሪኮቹ ጥቂቶቹ አሁንም በሕይወት እንዳሉ አስነብቦ ነበር። ሩሲያዊቷ ልዕልት ኢሪና ዩሱፖቫ ደግሞ በእርግጥም በሕይወት ነበረች። በፊልሙ ራስፑቲን የሚደፍራት ልዕልት ስሟ ናታሻ ቢሆንም፣ ኢሪና «እኔን ነው» ብላ ለንደን ላይ ከሰሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1934 25,000 ፓውንድ ተፈረደላት። ስም መለወጥ ብቻውን እንደማያድን ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል? የሚገርመው፣ ባሏ ራስፑቲንን ከገደሉት አንዱ መሆኑን ራሱ በመጽሐፍ የተናገረ ሰው ነው። ቤተሰቡን ፍርድ ቤት ያደረሰው የተፈጸመው ግድያ ሳይሆን ያልተፈጸመው መደፈር ነበር። «ከእውነተኛ ሰዎች ጋር ያለው መመሳሰል በአጋጣሚ ነው» የሚለው ማሳሰቢያ የተለመደው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው። ሰውየውን በሥራው፣ በአነጋገሩና በጠባሳው ሥላችሁት ስታበቁ ይህን ብትጽፉ ግን የሚያምናችሁ ዳኛ አታገኙም።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ተዋናይቷ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ 101 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሠሪዎች ላይ ክስ መሠረተች፤ ሐሜተኛ አድርገው አሳዩኝ፣ ስለ እኅቴም ያላልኩትን ነውረኛ ቃል አስነገሩኝ ብላ። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሠሪዎቹ ፈረደ፤ ታዋቂ ይሁን ያልታወቀ፣ ታሪክን የግሉ የሚያደርግ ሰው የለም በማለት። በጀርመን ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 ወታደሮች ስለተገደሉበት ወንጀል የተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም እንዳይታይ አግዷል። ቅሬታ አቅራቢው የወንጀሉ ተባባሪ ነበር። ታሪኩ ሐሰት ነው አልተባለም፤ ሰውየው ከእስር ሊወጣ ስለተቃረበ፣ ስሙና ምስሉ እንደገና ቢወጣ ወደ ኅብረተሰቡ መመለሻ ያጣል ተባለ እንጂ። እውነት መናገር ሁልጊዜ ጋሻ አይሆንም ማለት ነው። እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ ልቤ ለሁለት ይከፈላል፤ እስካሁንም አልታረቀልኝም።

የሕንዳዊቷ የቀድሞ ሽፍታ የፑላን ዴቪ ጉዳይ ግን አይከብደኝም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሕይወቷ ላይ የተሠራውን ፊልም ተቃውማ ፍርድ ቤት ሄደች፤ በኋላ በገንዘብ ታረቁ። ደራሲዋ አሩንዳቲ ሮይ ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ አንሥታ ነበር፦ በሕይወት ያለችን ሴት መደፈር ያለ ፈቃዷ እንደገና ለማሳየት መብት የሰጣችሁ ማን ነው? ሕጉ ቢፈቅድላችሁም ይህን ጥያቄ አትዝለሉት።

ስለ ውል ጥቂት ልበል። «የሕይወት ታሪክ መብት ገዛሁ» ሲሉ እሰማለሁ። በአብዛኛው የምትገዙት ሰውየው እንዳይከስሳችሁ የሚገባላችሁን ቃል፣ ከዚያም ትዝታውን፣ ደብዳቤውንና ፎቶግራፉን ነው። የእርሱ ፊርማ የፈታት ሚስቱን፣ የተጣላውን ወንድሙን፣ የጎረቤቱን ልጅ አያስርም። እኔ ከያዝኳቸው ክሶች የሚበዙት የመጡት በፊልሙ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ከሚታዩት ሰዎች ነው፤ ዋናውን ባለታሪክ ሁሉም ያስታውሰዋል፣ እነርሱን ማንም አይጠይቃቸውም። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ምንጩን በጽሑፉ ጠርዝ ላይ አስፍሩ፤ ከማን ሰማችሁት፣ መቼ፣ የትኛውን ከራሳችሁ ፈጠራችሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

አንድ ጊዜ ፊልም ሠሪው ደንበኛዬ ነበር። ከሳሹ አዛውንት ፊልሙ እንዲታገድ አመልክተው፣ ለምርቃቱ አራት ቀን ሲቀር ቢሮዬ ተገናኘን። የካሳ ክርክሬን አዘጋጅቼ ተቀምጫለሁ። እርሳቸው ገንዘብ አላነሡም። ወንድማቸው በሞተበት ሌሊት ጥለውት ሲሸሹ የሚታዩበትን ትዕይንት ብቻ ጠቀሱ። «አልሸሸሁም፤ ሐኪም ልጠራ ነው የሮጥኩት» አሉ። ፊልም ሠሪው ልጅ ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ ወደ መሬት። ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ትዕይንቱ ላይ አንዲት ቃል ተጨመረች፤ የሚሮጠው ሰው በር እያንኳኳ «ዶክተር!» ይላል።

አዛውንቱ ለምርቃቱ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ መብራት ሳይበራ ወጡ። በማግሥቱ ስልክ ደወሉልኝ። ያንኳኳሁት በር አረንጓዴ ነበር፣ ለምን ሰማያዊ አደረጉት አሉኝ።